አንድ ጥንድ ሲሊፐር እና ቁጥር 119

መጋቢት 18፣ 2017፣ ሐሙስ

ዛሬ ምንም የለም። ሙቀት ብቻ። የአዲስ አበባው የመጀመሪያ አውቶቡስ አርፍዶ ገባ። አራት ፖስታ፣ አንድ ካርቶን። ባለቤቶቹ መጥተው ወሰዱ። ሃያ ገጽ ፎቶ ኮፒ አነሳሁ፣ ሦስቱን ገልብጬ። ፉአድ ጮኸ።

«አንተ ልጅ ከወረቀት ጋር ምን አጣላህ?»

«እኔ ምን አደረግኩት? አሥረኛ ክፍል ላይ እሱ ነው የጀመረኝ።»

ሱቁ የሱ ነው፣ አፉ የኔ። መናኸሪያው በር ላይ ሆነን ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ሹፌሮች የሚያመጡትን ፖስታ ተቀብለን ለባለቤቱ እናደርሳለን። የተበላሸው ወረቀት ለኔ ነው። ይህንንም የምጽፈው በጀርባው ላይ ነው።

ከምሳ በኋላ የጃጁራ ሚኒባስ ላይ «ይህ መኪና በጸሎት ብቻ ይነሳል» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ሁለት ሰዎች አንብበው ወረዱ። አንዲት ሴትዮ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። ሞተሩ ተነሣ! ታዲያ ማን ነው የተቀለደበት?

ማታ ሊዘጋ ሲል ቲቸር ዳኘ ፈተና ሊያባዙ መጡ። ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ፣ ከክፍል ሃያ ጊዜ ያባረሩኝ። ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ።

«ቲቶ፣ ሃይድሮጅን ስንተኛ ነው?» እንደ ሁልጊዜው።

«ካልቀደሙት አንደኛ።»

አልሳቁም። ወይስ ሳቁ? ያ ሁሉ ጢም ባለበት በምን ይታወቃል...

መጋቢት 21፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በትምህርት ቤቱ አለፍን። የቲቸር ግድግዳ እንዳለ ነው። ፔሪዮዲክ ቴብሉን ሙሉ በእጃቸው ቀብተውታል፣ 118 ሳጥን። በመጨረሻ የታወቁትን አራት የዛሬ ስምንት ዓመት ነው የጨመሩት፣ ስም ሲወጣላቸው። ከሁሉም ሥር አንድ ባዶ ሳጥን አለ። 119 ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም።

«ይህን ሳጥን ከናንተ አንዱ ይሞላዋል» ይሉን ነበር። እኛ እንስቅ ነበር። ሐዳሳ የምትባል የጃጁራ ልጅ ግን ሳትስቅ ሰምታቸው ኖሯል። ከኔ ብዙ ትበልጣለች። አሁን ውጭ አገር አንድ ትልቅ ላብራቶሪ ውስጥ ከባድ ኤለመንት ከሚፈልጉት ጋር ነው የምትሠራው። ቲቸር ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው ይቀየራል።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የነገሩን አልረሳውም።

«ትንሹን አቶም በትልቁ ላይ በኃይል ይወረውሩታል። ቢሊዮን ጊዜ ይስታል። አንዴ ይዋሃዳል።»

«ከዚያስ ቲቸር?»

«ከዚያ ይበተናል። ዓይንህን እስክትጨፍን እንኳ አይቆይም።»

«ታዲያ መኖሩን በምን አወቁ?»

«በዱካው። ሲፈርስ በየደረጃው የሚተፋውን ቆጥረው።»

እኔ ተነሣሁ። «ገባኝ! የጃጁራ ሚኒባስ ነው። ሞልቶ ሳለ አንድ ትርፍ ሰው ይወረወርበታል፣ ትራፊክ ሲመጣ ሁሉም ይበተናል!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ምሳሌው ጥሩ ነው» አሉኝ ቲቸር። «አሁን ውጣ።»

ማክሰኞ አፕሪል ዘ ፉል ነው። አሰብኩ... እና አሰብኩ።

መጋቢት 22

ደብዳቤው ተጻፈ። በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ ከኢንተርኔት፣ ግማሹ ስልኬ የተረጎመልኝ። «የተከበሩ አቶ ዳኘ፣ ተማሪዎ ሐዳሳ ያለችበት ቡድን 119ን አግኝቷል። ለዓለም እስኪታወጅ ምስጢር ነው፣ እሷንም እንዳይጠይቁ።» ምን ጎደለ? ማህተም! ማህተም የሌለው ደብዳቤ ቀበሌ እንኳ አይቀበለውም። የግራ እግር ሲሊፐሬን ተረከዝ በምላጭ በክቡ ቆርጬ አወጣሁ፣ መሐሉ ላይ ኮከብ ቀረጽኩ። ሳትመው ኮከቡ ወደ ግራ ተንሻፈፈ። ይሁን፣ የፈረንጅ ኮከብ ነው። ቀንም አልረሳሁም፣ በነሱው ወር፦ ማርች 28፣ 2017።

ለፉአድ አልነገርኩትም። ሁሉን አስቤበታለሁ እኮ!

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ፖስታውን ለቲቸር ሰጠኋቸው። «ከአዲስ አበባ ሹፌር ነው ያመጣው።»

ቆመው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አነበቡ። ከዚያ የወረቀት ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉ። «ሐዳሳ...» አሉ።

አፕሪል ዘ ፉል አፌ ውስጥ ነበር። ምላሴ ላይ። አልወጣም።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

መጋቢት 24

አልነገርኳቸውም።

በትምህርት ቤቱ ሳልፍ ባዶው ሳጥን ተሞልቷል። ጠጋ ስል በጠመኔ ነው።

«ቲቸር፣ ለምን በጠመኔ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ምስክር ነዋ ያለው። ቅዱስ መጽሐፉ ምን ይላል? በሁለት ወይም በሦስት ምስክር። ሌላ ላብራቶሪ፣ ሌሎች ሰዎች፣ በራሳቸው መሣሪያ ደግመው ካላገኙት ቀለም አይገባውም። አንድ ጊዜ ውጭ አገር 118ን አገኘን ብለው አወጁ። ሌሎቹ ቢሞክሩ ጠፋ። መልሰው ሰረዙት። ጠመኔ እፍ ሲሉት ይሄዳል ልጄ።»

እፎይ አልኩ። ሁለተኛ ደብዳቤ ካልመጣ ራሳቸው ያጠፉታል። በቃ አለቀ።

«ልጄ» አሉኝ። ከመቼ ወዲህ ነው?

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ዝናብ። ጠመኔው ታጠበ። ወጥተው መልሰው ጻፉት።

«ቲቶ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የለም?»

«የለም ቲቸር።»

ይህንኑ ትናንትም ጠየቁ።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ሱቅ ዝግ ነው። ቲቸር በሩን አንኳኩተው ሄዱ አለኝ የመናኸሪያው ዘበኛ። በእሑድ!

መጋቢት 29

አደረግኩት። ሁለተኛ ደብዳቤ፦ ሌላ ላብራቶሪ፣ ሌላ አገር። «እኛም ሞክረን አግኝተነዋል፣ አሁን መናገር ይችላሉ።» ማህተሙን ከቀኝ እግር ሲሊፐር ቀረጽኩ።

ለቀልድ አይደለም። ስቀርጽ አልሳቅኩም። በየቀኑ በሩ ላይ ቆመው ፖስታዎቹን በዓይናቸው ሲቆጥሩ ማየት... አልቻልኩም። እንዲያልቅ ብዬ ነው። እንዲህ ተደርጎ ያልቃል እንዴ? ደደብ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ትናንት ሁለተኛውን ፖስታ ሰጠኋቸው፣ ዛሬ ሳጥኑን በሰማያዊ ዘይት ቀለም ቀቡት። ዘይት ቀለም እፍ ሲሉት አይሄድም። በሰልፍ ላይ ለተማሪው ሁሉ ተናገሩ፤ እዚያው መንገዱ ዳር ሆኜ ጭብጨባውን ሰማሁ። ፉአድ «ምን ሆነሃል? ዛሬ ማንንም አልሰደብክም» አለኝ።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

በሆሳዕና ዕለት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ። ቲቸር ምስክርነት አለኝ ብለው ተነሡ። ደብዳቤዎቹን ከፍ አድርገው አሳዩ። ሕዝቡ ሃሌ ሉያ አለ። የሐዳሳ እናት እትዬ ዓለሚቱ ከጃጁራ ተጠርተው መጥተዋል፣ አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዘው ለቲቸር። ግቢ ውስጥ ሲሰጧቸው አጠገባቸው ነበርኩ።

«ቲቸር፣ ይህ ልጄ ያገኘችው ነገር ስንት ዓመት ይኖራል?»

«ከሰኮንድ ያነሰ ነው እትዬ ዓለሚቱ።»

«ውይ! ለሱ ነው ስድስት ዓመት ዓይኗን ያላየሁት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናትየውም ሳቁ። ከዚያ «ይሁን። ለአፍታም ቢሆን የሷ ነው» አሉ።

ከግቢው ወጣሁ። እማዬ «ያምሃል እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሚያዝያ 7

እትዬ ዓለሚቱ ለልጃቸው ደውለው እልል ብለውላታል። ሐዳሳ ግራ ገብቷት የደብዳቤዎቹን ፎቶ አስልካ አየች፣ ለቲቸር ደወለች።

ቲቸር እኛ ጋ መጡ። ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ።

«ቲቶ፣ ዘንድሮ ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።»

«እኛ ጋ ነው እንጂ እነሱ ጋ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ነው።» ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳረፉ። «ሐዳሳ ይህን አይታ ነው ያወቀችው። እኛ ማህተም አናውቅም ቲቸር፣ ፊርማ ብቻ ነው አለችኝ። እኔ ሁለቱንም አላየሁም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጆችን እዩ፣ አስተውሉ እያልኩ...»

አገሩ ሁሉ አላየም። እኔም የጻፍኩት ሰውዬ አላየሁም። እዚህ 2017 ነዋ!

«ፖስታውን የሰጠህ ሹፌር የትኛው ነበር?»

አሁን። አሁን በል።

«አላስታውስም ቲቸር።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ጫማቸውን እየጎተቱ።

ሚያዝያ 8

ከተማው ፍርዱን ሰጥቷል። የትምህርት ቤቱ ምክትል ዳይሬክተር መናኸሪያው ካፌ ውስጥ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰማሁ። «ዓመቱን በኛ አቆጣጠር የጻፈው የኛው ሰው ነው። ማህተምም የኛ ልማድ ነው። ማን ይጠቀማል? ጡረታ ሳይወጣ ስሙን ሊያስጠራ የፈለገ ሰውዬ!» ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊቀመጥባቸው ነው። በሐሰተኛ ሰነድ። በሠላሳ አራት ዓመት መጨረሻ ላይ «አጭበርባሪ» የሚል ወረቀት ይዘው ሊወጡ ነው።

ያኛው ወረቀት ደግሞ እውነተኛ ማህተም ይኖረዋል።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

የተባዛ ፈተና ይዤ ትምህርት ቤት ገባሁ። ሰልፍ ላይ ደረስኩ። ቲቸር ማይክ ይዘው ቆመዋል።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «119 አልተገኘም። ሁለት ምስክር ያልኩት ከአንድ አፍ መውጣቱን አላጣራሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከመምህራኑ በኩል አንዱ «አፉስ የማን ነው?» አለ። ጉርምርምታ ሆነ።

ፈተናውን መሬት ጥዬ ሮጥኩ። ማይኩ ላይ «የኔ ነው! እኔ ነኝ የጻፍኩት!» አልኩ።

ተማሪው ሁሉ... ሳቀ። አንድ ሺህ ሰው ሳቀብኝ። «ቲቶ! ቲቶ!» እያለ አጨበጨበ።

ምክትሉ ክንዴን ያዙኝ። «የቀልድ ሰዓት አይደለም። እሳቸው ናቸው የላኩህ?»

«ማንም አልላከኝም! እውነት ነው!»

«የጃጁራው ሚኒባስም በጸሎት ነው የሚነሣው፣ አይደል?»

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በር ድረስ ሸኘኝ። ዞሬ ሳይ ቲቸር እያዩኝ ነበር። እሳቸውስ አመኑ? እንጃ። ዕድሜ ልኬን ዋሽቼ ሁሉም አመነኝ። ዛሬ አንድ ጊዜ እውነት ብናገር...

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

አልበላሁም። ፉአድ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ቤት መጣ። ጓሮ ወስጄ ሁሉን ነገርኩት።

«በኔ ወረቀት? በኔ ማሽን? ሱቄን ልታዘጋ ነው?»

«አዎ። ምናልባት።»

«ማህተሞቹ የታሉ?»

«አቃጠልኳቸው።»

«ሲሊፐሩስ?»

አልጋ ሥር ገብቼ አወጣሁት። ሁለቱም ተረከዛቸው ላይ ክብ ቀዳዳ። እማዬ አይጥ የበላው መስሏት ነበር። ፉአድ ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ አየኝ። ሊስቅ ነው ብዬ ነበር። አልሳቀም።

ሚያዝያ 14

ኮሚቴው በመምህራን ክፍል። ሲሊፐሮቹን በፌስታል ይዤ ገባሁ። ቲቸር ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

ምክትሉ «አንተን ማን ያምንሃል?» አሉ።

«አትመኑኝ። እዩ።»

ደብዳቤዎቹን አስመጡ። የግራውን ሲሊፐር ቀዳዳ አንደኛው ማህተም ላይ አስቀመጥኩ። ገጠመ። የቀኙን ሁለተኛው ላይ። ገጠመ።

«ይህማ ማህተሙን አይቶ በልኩ ሊቀደድ ይችላል» አሉ ምክትሉ።

እውነታቸውን ነው። ምላጭ አወጣሁ። ከሲሊፐሩ ጣት በኩል ሦስተኛ ክብ ቆረጥኩ፣ ፊታቸው ቀረጽኩ። የማህተም ቀለም ውስጥ ነክሬ ባዶ ወረቀት ላይ አተምኩ። ከሁለቱ ጎን አስቀመጡት። ኮከቡ ወደ ግራ ተንሻፍፏል። ሦስቱም እኩል። ለዓመታት ቀጥ ያለ መስመር ባለማስመሬ ስቀጣ የኖርኩበት እጅ!

በሩ ተንኳኳ። ፉአድ ነው። አልጠራሁትም።

«ወረቀቱ ከኔ ሱቅ ነው። የታተመውም በኔ ማሽን ነው። ከዚህ ልጅ ሌላ ማሽኑን የሚነካ የለም። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

ቲቸር ጠየቁኝ፣ ሳያዩኝ።

«የመጀመሪያውስ ገባኝ። ሁለተኛውን ለምን?»

«በየቀኑ ይጠይቁ ስለነበር።»

ተነሥተው ወጡ።

ሚያዝያ 15

ክሱ ተነሣላቸው። ለሱቁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ፉአድ ቁልፉን ተቀበለኝ። «አልጠላሁህም፣ ግን ፖስታ የሚቀበል ሰው እንዲህ አይሆንም» አለኝ። ይቅርታ እንዲጠይቅልኝ ለቲቸር ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ይዘው የመጡት መልስ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጃጁራ ሄዶ ለእናትየው በራሱ አፍ ይናገር። ከዚያ ግድግዳውን ሙሉ ያድስ፣ ከአንድ ጀምሮ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ጃጁራ። እትዬ ዓለሚቱ ምሳ ሳያበሉ አላናገሩኝም። ሳህኑን ገፋ አደረግኩ። ነገርኳቸው።

ሐዳሳ ሐሰት መሆኑን ነግራቸው ነበር፣ ማን እንዳደረገው ግን አላወቁም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ለአፍታም አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም እትዬ።»

ስድብ ጠብቄ ነበር። ዱላም። «ብላ» ብቻ አሉኝ፣ ሳህኑን ወደኔ እየገፉ።

ስመለስ ያው የጸሎቱ ሚኒባስ ነው። ወያላው «ቲቶ፣ ምነው ዝም?» አለ።

ግንቦት 4

መጀመሪያ 119ን ነው ያጠፋሁት። ዘይት ቀለም እንዴት ይጣበቃል! በላሜራ ፍቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ከላይ በነጭ ሁለት ጊዜ ቀብቼ... ቁጥሩ ብቻ ተመልሶ ተጻፈ። አሁን ሃምሳዎቹ ላይ ነኝ። ቲቸር ጠዋት ጠዋት የኬሚስትሪ መጽሐፋቸውን ግድግዳው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠውልኝ ይሄዳሉ። አያናግሩኝም። ሃይድሮጅን ስንተኛ ነው እንኳ አይሉም።

ዛሬ በክፍሉ መስኮት ሰማኋቸው። ሐዳሳ የጻፈችላቸውን ለተማሪ ያነባሉ። ወራት ሙሉ ቀን ከሌት ወርውረው፣ ቆጥረው፣ እስካሁን ዜሮ። አንድም ዱካ የለም። «ዜሮውንም እንደ ዜሮ ጽፋዋለች» አሉ። «ብትፈልግ አንድ ትለው ነበር። ማን ያያታል?»

ብሩሼን ይዤ ቆምኩ። ለኔ ነው? ለተማሪዎቹ ነው።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

መጨረሻው ረድፍ። 113 ላይ ደርሼ ብሩሼን ልነክር ስል መጽሐፉን አየሁ። ግድግዳውን አየሁ። እንደገና መጽሐፉን። ግድግዳው 113 ላይ ሞስኮቪየም ይላል፣ 115 ላይ ኒሆኒየም። መጽሐፉ ተቃራኒውን ነው የሚለው። ቲቸር የዛሬ ስምንት ዓመት ሲጨምሯቸው ቦታ አለዋውጠዋል።

ዝም ብዬ አስተካክዬ ልቀባው አስቤ ነበር። ማን ያያል? ቆየሁና ቤታቸው ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል።»

ከወር በኋላ የመጀመሪያው ቃላቸው፦ «ቀልድ ነው?»

«አይደለም። ግን አይመኑኝ፣ ይምጡና ይዩ።»

መጡ። አንድ ጣታቸው መጽሐፉ ላይ፣ አንዱ ግድግዳው ላይ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ስምንት ዓመት ልጆች ከዚህ ገልብጠዋል... ማንም አልነገረኝም።»

«ማንም እርስዎን አያርምማ።»

ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። «ለጊዜው በዚህ አርመው። ሰኞ ሌላ መጽሐፍ አይተን በቀለም ይሆናል።»

«እሺ ቲቸር።»

ጠመኔውን ዘርግተው አልለቀቁትም። ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። ዛሬ ሳቁን አየሁት፣ አልተጠራጠርኩም።

«መጽሐፉ አንድ ምስክር» አሉ። «አንተ ሁለት።»

ጠመኔውን ኪሳቸው መልሰው ከተቱ። ብሩሹን ሰጡኝ።